የአሸዋ ብስኩት

«ከኋላ አልቀመጥም አልኩሽ! ያስመልሰኛል!» አለች ኔሪስ፣ የላንድክሩዘሩ በር እንዳይዘጋባት በክንዷ ደግፋ።

«እኔ ላይ ከምታስመልሺ ጀሪካኑ ላይ ብታስመልሺ ይሻላል» አለቻት ሳራይ። የመሀሉ መቀመጫ ላይ ተንሰራፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቦርሳዋን እንደ ሰው አጠገቧ አስቀምጣዋለች። «ከሪዮአቻ እስከዚህ ከኛ ጋ ተቀመጥሽ፣ በቃሽ። ትንሿ አንቺ ነሽ።»

«ቦርሳሽ ከኔ ያንሳል። እሱን ከኋላ አድርጊው።»

«ቦርሳዬን አያስመልሰውማ!»

ከወዲያኛው መስኮት ሄይነር በሳቅ ፈረሰ። «አቦ ግቢ በቃ! እንዲያውም ከኋላ ሆነሽ ዘመዶችሽን በደንብ ታዪያቸዋለሽ።»

«የምን ዘመድ?»

«ፊትሽን በመስታወት አይተሽው አታውቂም?»

ኔሪስ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «እናቴ የባራንኪያ ከተማ ሰው ናት ብዬሃለሁ።»

«ብለሽኛል» አለ ሄይነር፣ ሳራይን በዓይኑ ጠቀስ እያደረጋት። «ደጋግመሽ ነው ያልሽኝ።»

ይህን ውሸት የጀመረችው ሰባተኛ ክፍል ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። እናቷ ዋዩ ከሚባለው የበረሃው ነባር ሕዝብ የተወለደች ሴት ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ሪዮአቻ የባሕር ዳር መንገድ ላይ ጨርቅ አንጥፋ፣ በእጇ የሠራቻቸውን ባለቀለም ቦርሳዎች ደርድራ ትሸጣለች። ኔሪስ ከክፍሏ ልጆች ጋር በዚያ በኩል ስታልፍ መንገድ ትሻገራለች። እናትየው በመጀመሪያው ሰሞን እጇን ታውለበልብ ነበር። ኋላ ተወችው። ለምን ብላ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

ሾፌራቸው ዊልመር ከሱቁ በኩል የብስኩት ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሾፌርም አስጎብኚም እሱ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጨዋታ የሚወድ የሪዮአቻ ልጅ። የትኛው የጎማ ዱካ የት እንደሚያደርስ ከበረሃው ሰዎች እኩል ያውቃል፤ ከቋንቋቸው ግን ከሰላምታ የዘለለ አያውቅም።

«ንግሥቶቼ፣ ጠቡን ለማታ አቆዩት» አለ። «ቲቸራችሁ በፊተኛው መኪና ሄደዋል። ታሮዋ የአሸዋ ተራራ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ ቀልድ አይደለም። ጨው ሜዳውን ሳይመሽ ካላቋረጥን ጭቃ ውስጥ ነው የምናድረው። ማነው ከኋላ?»

ሳራይ ወደ ኔሪስ ብቻ ተመለከተች። ኔሪስ ክንዷን ከበሩ ላይ አነሳችና ዞራ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ከጎን የምትታጠፈው ጠባብ መቀመጫ ላይ፣ በውሃው ጀሪካንና በብስኩቱ ካርቶን መሀል ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ብስኩት ለማነው?» አለ ሄይነር።

«ለኬላ» አለ ዊልመር፣ ሞተሩን እያስነሳ።

ኬላዎቹ ከኡሪቢያ ከተማ ወጥተው አስፋልቱ እንዳለቀ ጀመሩ። ሁለት ልጆች ከዱካው ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ እላዩ ላይ ብጣሽ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ መሀላቸው ተወጥሯል። መኪናው ሲቆም በመስኮት ብስኩት ወይም የላስቲክ ውሃ ይሰጣቸዋል፤ ገመዱ መሬት ይወድቃል፤ መኪናው ላዩ ላይ ያልፋል። ትንሽ ሄድ ሲሉ ደግሞ ሌላ ገመድ።

«ባትቆምላቸውስ?» አለች ሳራይ።

«ይለቁታላ!» አለ ዊልመር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ካልቆምክ ይለቁታል። እዚህ መንገድ ላይ እሱን የማያውቅ የለም። ማን ሞኝ ነው ከቶዮታ ጋር ገመድ የሚጓተተው? እዪ እስቲ።» ዊልመር ነዳጁን ረገጠ። ከፊታቸው የነበሩት ሁለት ሴት ልጆች መኪናው አፍንጫቸው ስር እስኪደርስ ጠበቁና ገመዱን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ። አቧራው ዋጣቸው።

«ድገመው! ድገመው!» ሄይነር መቀመጫውን ይደበድብ ጀመር። ዊልመር እየሳቀ ደገመው።

ኔሪስ በኋላው መስታወት የልጆቹን አፍ ታያለች። ድምፁ ባይሰማትም ምን ብለው እንደሚሳደቡ ታውቃለች። ትንሽ እያለች፣ ከእናቷ ጋር ወደ አያቷ ቤት ሲሄዱ፣ እሷም ከአክስቷ ልጆች ጋር ገመድ ይዛ ታውቃለች።

ቁርስ የበሉት ባሕሩ ዳር፣ በቁልቋል እንጨት ከተሠራ ዳስ ስር ነው፤ የተጠበሰ ዓሣና አሬፓ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ። ቲቸር ለሁሉም ኮፍያ አድርጉ፣ ውሃ ጠጡ ብለው እንደገና በፊተኛው መኪና ቀደሙ። ሄይነር ግን አልጠገበም፤ ከካርቶኑ የኬላ ብስኩት እያወጣ ይበላ ጀመር። ባዶውን ላስቲክ ሊወረውር ብሎ በመሀል ቆም አለ። ጎንበስ ብሎ አሸዋ ዘገነና ጨመረበት።

«ኧረ ባክህ!» አለች ሳራይ። ዓይኗ ግን በርቷል።

«ኬላ መክፈል ነው እንግዲህ። እነሱ ኬላው የውሸት፣ እኛ ብስኩቱ የውሸት።»

የላስቲኩ አፍ አልገጥም አለው፤ አሸዋው እየፈሰሰ ጫማውን ሞላው። በላይተሩ ሊያጣብቀው ሲሞክር አቃጠለው። ሌላ ሞከረ፤ እሱም ተቀደደ። ኔሪስ ዓሣዋን ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች።

«እንዲህ አይደለም» አለች። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። «አምጣው።»

የላስቲኩን ጠርዝ ሁለቴ አጠፈችው። እሳቱን ሳታስነካ በሙቀቱ ብቻ አሳልፋ በጥፍሯ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው። የክር ጫፍ ተሸሽጎ ስፌቱ እንዴት እንደማይታይ እናቷ ያስተማረቻቸው ጣቶች ናቸው። ሲያልቅ ፓኬቱ ከሱቅ እንደወጣ ሆነ።

ሳራይ ተቀብላ አገላበጠችው። «ይቺ ልጅ አራዳ ናት ለካ! ሄይኒ፣ እየው እስቲ፣ አይታወቅም እኮ!» ክንዷን በኔሪስ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «እዚያ ጀሪካን ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ? ነይ ከኔ ጋ ተቀመጪ። መስኮቱን ውሰጂው።»

ቦርሳው ወደ ኋላ ተወረወረ። ኔሪስ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ነፋሱ ፀጉሯን ይዞት ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ጸጥ አለላት።

ቅርንጫፉ ላይ አሮጌ ጎማ የተንጠለጠለበት ግራር አጠገብ የጠበቃቸው ገመድ አረንጓዴ ነበር። በአንደኛው ጫፍ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ በሌላኛው ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ የኳስ ማልያ የለበሰ ትንሽ ወንድ ልጅ። መንገዱ ድንጋያማ ስለነበር ዊልመር ቀስ ብሎ ቆመ።

«አንቺው ስጪው» ብላ ሳራይ ፓኬቱን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

ኔሪስ በመስኮት ዘረጋችለት። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበላት። የፊት ጥርሶቹ የወለቁበትን ድዱን እያሳየ ሳቀላት። መኪናው ድንጋዩን እየሸሸ ሲያዘግም ልጁ አላስቻለውም፤ ፓኬቱን በጎን ጥርሱ ቀደደው። አሸዋው አፉ ውስጥ ገባ።

ሄይነርና ሳራይ እርስ በርስ ተያይዘው ሳቁ። ልጁ እየተፋ፣ እያሳለና ማልያውን በአንድ እጁ ሰብስቦ ከኋላቸው ሮጠ። ኔሪስ መስኮት ስር ደርሶ ጮኸ። የጮኸው በእናቷ ቋንቋ ነው።

«ስትመለሱ አልለቅም! በእጄ ላይ እጠመጥመዋለሁ! አልለቅም!»

«ምንድነው የሚለው?» አለች ሳራይ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ኔሪስን ጠይቂያት» አለ ሄይነር። «ዘመዷ አይደል?»

ሁለቱም አዩዋት። ኔሪስ የልጁን ከንፈር አየች፤ አሸዋው ተጣብቆበታል።

«አመሰግናለሁ ነው መሰለኝ የሚለው» አለች።

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ዊልመር እንኳ መሪውን መታ መታ እያደረገ ሳቀ። ሳራይ ጉንጯን ሳመቻት። «ገደልሽኝ! በናትሽ ገደልሽኝ!»

ታሮዋ ላይ በረሃው ባሕር ውስጥ ይገባል። የተራራ ያህል የተቆለለው አሸዋ ቀጥ ብሎ ወርዶ ማዕበሉ አፍ ላይ ይቆማል። ልጆቹ ከላይ እየጮሁ ሮጡ፤ ተንከባለሉ፤ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ኔሪስም ሮጠች። ወደ ላይ ስትመለስ ግን እግሯ በየእርምጃው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አሸዋው ከንፈሯ ላይ ነበር። ምላሷን አወጣችና መልሳ አስገባችው።

ዊልመር ጫፉ ላይ ቆሞ በስልኩ ሰዓት ያያል። ሄይነር መነጽሩን አሸዋ ውስጥ ጥሎ ሳያገኝ አልሄድም ብሏል። ቲቸርና የፊተኛው መኪና ልጆች ከሄዱ ቆይተዋል።

«ዊልመር» አለች ኔሪስ።

«አቤት፣ ንግሥቴ።»

«ስንመለስ... ያ ጎማ የተሰቀለበት ዛፍ ጋ...»

«እህ?»

ልጅ ነው፣ አለች በሆዷ። ልጅ ብዙ ነገር ይላል። ደግሞ ማን ነገረሽ ቢለኝስ?

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» ሳራይ ውሃ እየተንጠባጠበባት ደረሰች። «ይቺ ልጅ ተነቃቅታለች ዛሬ! ሹፌር ጠበሳ ጀመረች!»

«ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ልጠይቀው ነው» አለች ኔሪስ።

«በዚህ አያያዛችን ነገ» አለ ዊልመር፣ ወደ ሄይነር እየጮኸ ሲወርድ።

መነጽሩ አልተገኘም። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሳራይ እርጥብ ፎጣዋን መቀመጫው ላይ ዘርግታ ጋደም አለች። «ደክሞኛል። ኔሪስዬ፣ ከኋላ ሁኚልኝ እሺ? እግሬን ልዘርጋ።»

ኔሪስ ከኋላ ገባች። የብስኩቱ ካርቶን ባዶ ነበር። በመንገድ ላይ ሄይነር በልቶታል፤ እሷም ከሱ ጋር በልታለች።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ዊልመር የሚሰጠው ነገር ስለሌለው ለማንም አልቆመም። የቫዬናቶ ዘፈኑን ከፍ አደረገና ነዳጁን ረገጠ። ገመድ ይታያል፤ ገመድ ይወድቃል። ገመድ ይታያል፤ ገመድ ይወድቃል። እያንዳንዱ በወደቀ ቁጥር ኔሪስ ትንፋሿን ትለቅ ነበር። ይኸው ይለቁታል፣ አለች። ሁሉም ይለቁታል።

ከሳራይ እግርና ከሄይነር ማጅራት መሀል፣ በሩቁ፣ ጎማ የተንጠለጠለበት ግራር ታያት።

«ዊልመር!» አለች። ሙዚቃው ዋጣት። «ዊልመር፣ ቀስ በል!»

ሳራይ ቀና አለች። «ምን ሆንሽ? ሊያስመልስሽ ነው?»

ልጁ አይለቅም። ይህን ማለት ብቻ ነው። እንዴት አወቅሽ? ይሏታል። ከዚያ ጠዋት የሳቁት ሳቅ ሁሉ ዞሮ በእሷ ላይ ይሆናል፤ ከዚያም ሰኞ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ከዚያም የባሕር ዳሩ መንገድ፣ ጨርቁ፣ እናቷ።

«ምንም» አለች።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ቅርንጫፍ መኪና ሲነካ የሚሰማ ዓይነት። ልጅቷ እንደ ሁልጊዜው በሷ በኩል ያለውን ጫፍ ጥላዋለች። የተለቀቀው ጫፍ ጎማው ስር ገብቶ ተጠመጠመ። ልጁ በፊቱ ተደፋ። ከዚያም በአሸዋው ላይ እንደ ጨርቅ ከኋላቸው ተጎተተ። ዊልመር ፍሬን እስኪይዝ ገመዱ ከእጁ ላይ ቆዳውን ይዞ ተፈታ።

ሙዚቃው ጠፋ። ዊልመር ወርዶ ሮጠ። ኔሪስ በኋላው መስታወት ሁሉንም አየች። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። አላለቀሰም። ሁለት ጣቶቹ ጣት ወደማይታጠፍበት ታጥፈዋል፤ ማልያው በአቧራና በደም ጠቁሯል።

ዊልመር ተመልሶ መጣ። አንድ የላስቲክ ውሃ ከበሩ ኪስ አንስቶ ወደ ልጆቹ ወረወረ።

«ለምን አልለቀቀም?» አለ። «ሁልጊዜ እኮ ይለቁታል! ለምንድነው ያልለቀቀው?»

መሪው ጋ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ስሙኝ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ ደም ከፈሰሰ ሽማግሌ ነው የሚላከው። የሚጠየቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እናቴም፣ አጎቶቼም፣ ዘር ማንዘሬ ነው። ከቤት ሰው ሳይወጣ እንሂድ። ልጁ ሲሮጥ ወደቀ። አበቃ። እሺ?»

«እሺ» አለ ሄይነር። ሰላላ ድምፅ ነበር የወጣው።

«ሳራይ?»

«እኔ ተኝቼ ነበር» አለች ሳራይ። ፎጣዋን እስከ አገጯ ሳበች።

ኔሪስን ማንም አልጠየቃትም። ከኋላ መኖሯም ትዝ ያላቸው አይመስልም።

እሷም የኋላውን በር እጀታ ገፋችና ወረደች። ልጅቷ ወንድሟን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ቤታቸው ትጣራ ነበር። ኔሪስ ስትቀርብ አየቻትና በተሰባበረ እስፓኝኛ «ሂጂ!» አለቻት። «ሂጂ ከዚህ!»

«እጁን ከፍ አድርገሽ ያዢለት» አለች ኔሪስ። «ከደረቱ በላይ ይሁን። ደሙ ይቀንሳል።»

ያለችው በዋዩ ቋንቋ መሆኑን ያወቀችው የልጅቷ ዓይን ሲፈጥ ነው። ልጅቷ የወንድሟን ክንድ ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ ኔሪስን ከጫማዋ እስከ ኮፍያዋ አየቻት።

«የማን ሥጋ ነሽ?» አለች።

በዚህ ምድር ሰው የሚጠየቀው በስሙ አይደለም፤ በእናቱ ወገን ነው። ኔሪስ ከጀርባዋ የመኪናውን ሞተር ትሰማለች።

«ፑሻይና» አለች።

ልጁ ቀና አለ። ፊቱ ላይ እንባ የለም፤ አፉ ዙሪያ ብቻ የጠዋቱ አሸዋ ደርቆ ቀርቷል።

«እሷ ናት» አለ ለእህቱ። «ያን ብስኩት የሰጠችኝ እሷ ናት።»

የእህቱ ፊት ተለወጠ። ኔሪስ መሬት አላየችም፤ ማየት ግን ፈልጋ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያልከውንም ሰምቼ ነበር።»

«ሰምተሽ?»

«ሰምቼ።»

ልጁ አያት። ከዚያ ፊቱን በእህቱ ክንድ ስር ደበቀ፤ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ።

ከግራሩ ባሻገር ካለው ቤት ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት እየሮጠች ወጣች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በትሩን ይዞ ይመጣል። እሱ አይሮጥም።

የመኪናው የኋላ በር ገርበብ እንዳለ ነበር። ኔሪስ ወደዚያ ተመለሰች። ውስጥ ባዶው ካርቶን፣ ጀሪካኑ፣ የሳራይ ቦርሳና የሷ ጠባብ መቀመጫ ይታያሉ። ዊልመር ማርሽ ሲያስገባ መኪናው ነቅነቅ አለ። ኔሪስ በሩን በመዳፏ ያዘችው። እንዳይንጓጓ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ከውጭ ዘጋችው።

ሴትየዋ ደርሳ ልጁ አጠገብ ተንበረከከች። ሽማግሌው እየቀረበ ነው፤ ዓይኑ ልጁ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነው። ኔሪስ ኮፍያዋን አወለቀችና ሊጠይቃት የሚመጣውን ሰው ቆማ ጠበቀች።

ከኋላዋ ላንድክሩዘሩ ተነሣ። አረንጓዴው ገመድ ጎማው ላይ እንደተጠመጠመ ነበር፤ ጫፉ፣ ከነብጣሽ ጨርቆቹ፣ አሸዋው ላይ እየተጎተተ ተከተለው።